ከቴክኒሽያንነት ወደ ባለሙያ መደብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዘጠኝ ዓመት በኤሌክትሪክ ቴክኒሽያንነት ቱታ ለብሼ ሠርቻለሁ፤ አሁን በአንድ ትልቅ ፋብሪካ የጥገና ዕቅድ ክፍል ነኝ፤ ከታች ያሉት ባልደረቦቼ ሻይ ቤትም ስልክ ላይም ሳይሰለቹ የሚጠይቁኝ ናቸው።

ቴክኒሽያንና ባለሙያ በመዋቅር ላይ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በትልልቅ ድርጅቶች ማንኛውም የሥራ መደብ ደረጃ አለው፤ በደረጃው ውስጥ ደግሞ እርከን አለ። ቴክኒሽያኑ ከጀማሪ ተነሥቶ ቴክኒሽያን ሁለት፣ ቴክኒሽያን ሦስት፣ ከፍተኛ ቴክኒሽያን፣ ፎርማን እያለ ይወጣል። ባለሙያው ጀማሪ መሐንዲስ ወይም ጀማሪ ኦፊሰር ብሎ ይጀምርና ከፍተኛ ባለሙያ፣ ቡድን መሪ እያለ ይቀጥላል። ችግሩ የቴክኒሽያኑ መሰላል ቶሎ ጣሪያ መንካቱ ነው። ፎርማን ከሆኑ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ እዚያው የቆዩ ስንት ሰዎች አውቃለሁ፤ ሥራ ስለማይችሉ አይደለም፣ ቀጣዩ መደብ የሚጠይቀው ሌላ ወረቀት ስለሆነ ነው።

ሥራውም ራሱ ይለያያል። ቴክኒሽያን የሚጠየቀው "ማሽኑ ተነሣ ወይ?" ተብሎ ነው። ባለሙያው "ለምን ቆመ? ዳግም እንዳይቆም ምን እናድርግ? ስንት ብር ያስወጣል?" ይባላል፤ መልሱም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይፈለጋል።

ዲግሪ ሳልይዝ መሻገር እችላለሁ?

አንዳንዴ ይቻላል። የውስጥ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ተፈላጊ ችሎታ የሚለውን ቦታ ደጋግመው ያንብቡ። "የመጀመሪያ ዲግሪ እና 4 ዓመት ወይም ደረጃ 4 እና 8 ዓመት" የሚል ዓይነት ካለ (ደረጃ 4 የሚባለው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ደረጃ ነው)፣ ያቺ "ወይም" የእርስዎ በር ናት። እንዲህ ያለው አማራጭ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሺፍት ኃላፊነት፣ በጥገና ዕቅድ፣ በመለዋወጫ ክምችት፣ በሥራ ደኅንነት አካባቢ ነው። መሐንዲስ በሚል መጠሪያ በሚወጡ መደቦች ላይ ግን አይጠብቁት።

በዚች በር ገብተውም ቢሆን ከአንድ ደረጃ በኋላ ዲግሪው መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ጊዜ መግዣ አድርገው ይዩት።

ደረጃ 4 አለኝ። ዲግሪ ለመጀመር ምን ያስፈልገኛል?

መጀመሪያ የብቃት ምዘናውን፣ ማለትም ሲኦሲውን ያለፉበት ሰርተፊኬት። ከኮሌጅ የተመረቁበት ወረቀት ብቻውን ብዙ ርቀት አይወስድዎትም። የመግቢያ መስፈርቱ በየጊዜው ስለሚቀያየር የጓደኛዎን የዛሬ ሦስት ዓመት ታሪክ አይመኑ፤ በራስዎ ማስረጃ መመዝገብ እንደሚችሉ ሬጅስትራሩን ይጠይቁ፣ ከተቻለም በጽሑፍ ይያዙት።

ሁለተኛው ነገር የተቋሙ እውቅና ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለግል ተቋማት ፈቃድ የሚሰጠው በጅምላ አይደለም፤ ለትምህርት መስኩ፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ፣ በመደበኛም ይሁን በማታ ወይም በርቀት፣ ለየብቻ ነው። ዋናው ግቢ እውቅና ስላለው ቅርንጫፉም አለው ማለት አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሁለት ዓመት ተኩል ቅዳሜና እሁዱን ሰውቶ ከተማረ በኋላ ቅርንጫፉ ለዚያ መስክ ፈቃድ እንደሌለው ሰማ። ገንዘቡ ይቅር፣ ቅዳሜና እሁዱን ማን ይመልስለታል?

ሦስተኛው የመውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ የቀንም ይሁን የማታ ተማሪ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ካላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። "ዋናው ወረቀቱ ነው" እያሉ መማር ከዚያ ወዲህ ቀርቷል።

የቱን ልማር? ማኔጅመንት ቀላል ነው፣ ከሥራም ጋር ይሄዳል ይሉኛል።

ይሄዳል፤ ግን ወዴት? አንድ ኤሌክትሪሽያን በማኔጅመንት ዲግሪ ሲይዝ በእጁ ያለው የአሥር ዓመት ልምድና ዲግሪው አይተዋወቁም። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ መደብ ሲወጣ "የትምህርት ዝግጅቱ አግባብነት የለውም" ይባላል። የሰው ኃይል ባለሙያ መደብ ሲወጣ ደግሞ "ልምዱ አግባብነት የለውም" ይባላል። በሁለቱም ማጣሪያ የወደቀ ሰው አውቃለሁ፤ ዲግሪው አሁንም ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ከመመዝገብዎ በፊት ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሄደው መግባት የሚፈልጉትን መደብ የሥራ ዝርዝር ይጠይቁ። እዚያ ላይ የተጻፈውን የትምህርት መስክ ስም ፊደል በፊደል ይቅዱ። "ኤሌክትሪካል ምህንድስና ወይም ተዛማጅ" የሚል ከሆነ ተዛማጅ የሚባሉት እነማን እንደሆኑ ይጠይቁ፤ ብዙ ድርጅቶች ዝርዝር አላቸው። ከዚያ በኋላ ኮሌጅ ይፈልጉ።

ምህንድስና በማታ ረጅም ነው። በመደበኛ 5 ዓመት የሚፈጀው 6 ወይም 7 ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ ሺፍት ለሚገባ ሰው ደግሞ የክፍሉ ሰዓትና የሌሊት ተራው ሁልጊዜ ይጋጫሉ። ይህን የማይችል ሰው ማኔጅመንት መማሩን አልነቅፍም፤ ግን ዓላማው የሱፐርቫይዘርነት፣ የክምችት ወይም የግዢ መስመር መሆኑን አውቆ ይግባበት።

ዲግሪዬን ሳመጣ ድርጅቱ ወዲያው ያሳድገኛል?

አያሳድግዎትም። ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ሰዎች ፊታቸው ሲለዋወጥ ስለማይ መልሱን ማለስለስ እፈልግ ነበር። ዲግሪ መያዝ ለመወዳደር ብቁ ያደርጋል እንጂ መደብ አይፈጥርም። መደቡ በመዋቅሩ ላይ መኖር አለበት፣ ክፍት መሆን አለበት፣ በጀትም መያዝ አለበት። አንዳንድ ድርጅት ትምህርት ላሻሻለ ሠራተኛ የተወሰነ እርከን ይጨምራል፤ ይህ ካለ በኅብረት ስምምነቱ ወይም በሥራ ደንቡ ላይ ተጽፎ ያገኙታል።

እስከዚያው የሚሠራ ነገር አለ። ጊዜያዊ ዲግሪውንና የውጤት መግለጫውን በደብዳቤ አስገብተው ከግል ማኅደርዎ ጋር እንዲያያዝ ያድርጉ፤ የገቢ ማኅተም የተመታበትን ቅጂ ይያዙ። ውድድር ሲመጣ ኮሚቴው የሚያየው ማኅደሩን ነው። ማስታወቂያው በወጣ ማግሥት ወረቀት ይዞ የሚሮጠው ሰው "ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ የገባ" ተብሎ ሲወድቅ ዓይኔ እያየ ብዙ ጊዜ ሆኗል።

ከዲግሪ በፊት የሠራሁት ልምድ ይያዝልኛል?

የሚጣሉበት ጥያቄ ይህ ነው። እንደ ድርጅቱ መመሪያ ይለያያል፦ ሙሉውን የሚይዝ አለ፣ ከፍሎ የሚይዝ አለ፣ "ከምረቃ በኋላ ያለ" ብሎ በማስታወቂያው ላይ በግልጽ የሚጽፍም አለ። መመሪያውን በእጅዎ ሳይዙ ከኮሚቴ ጋር አይከራከሩ።

ልምዱ እንዲያዝ ከተፈለገ ግን ደብዳቤው መናገር መቻል አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው ሲጠይቅም ሆነ ውሉ ሲቋረጥ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት። "ከ2005 እስከ 2014 በቴክኒሽያንነት አገልግሏል" የሚል አንድ መስመር አይበቃም። የትኛውን መደብ ከመቼ እስከ መቼ እንደያዙ ተዘርዝሮ ይጻፍልዎ። የግል ድርጅት ልምድ ከሆነ ብዙ ተቋማት ግብር የተከፈለበት ለመሆኑ ማረጋገጫ ይጠይቃሉ፤ ድርጅቱ ሳይዘጋ፣ የሚያውቅዎ ሰው ሳይለቅ ያውጡት።

ከዐረብ አገር ለሚመለሱ ደግሞ፦ የሥራ ልምድ ደብዳቤው እዚያው አገር በሚመለከተው መሥሪያ ቤትና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ተረጋግጦ ቢመጣ ይሻላል። እዚህ ከደረሱ በኋላ ማሟላት ዙሪያ ጥምጥም ነው።

እጄ ጎበዝ ነው፤ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ላይ ግን እወድቃለሁ። ለምን?

በእጅ የሚያውቁትን በአፍና በወረቀት ስላልተለማመዱት ነው። ፈታኙ ፓኔሉን ሲከፍቱ አላየም። እሱ የሚያየው የጻፉትን ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ውድድር የወደቅሁት በኦም ሕግ አይደለም፤ "ከሠሩት ጥገና አንዱን በአንድ ገጽ ይግለጹ" የሚል ጥያቄ ላይ ነው። አራት መስመር ጽፌ እስኪርቢቶዬን አስቀመጥሁ።

ልምምዱ የሚጀምረው ከሎግ ቡኩ፣ ከዕለታዊ የሥራ መዝገቡ ነው። አብዛኞቻችን ከሌሊት ተራ ስንወጣ እንዲህ ብለን ነው የምንጽፈው፦ "ሞተር ተቃጥሎ ተቀይሯል። መስመሩ ሥራ ጀምሯል።" አሁን ያንኑ ሥራ እንዲህ ይዩት (ኦቨርሎድ ማለት ሞተሩ ከልኩ በላይ ከረንት ሲስብ ቆርጦ የሚያቆመው መከላከያ ነው)፦ "የ22 ኪሎዋት የማጓጓዣ ሞተር በ5 ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ተቃጠለ። ሰሌዳው ላይ ያለው የሙሉ ጭነት ከረንት 42 አምፔር ሲሆን ኦቨርሎዱ 55 ላይ ተስተካክሎ ተገኝቷል። ቀበቶው ሲይዝ ኦቨርሎዱ እየቆረጠ ስላስቸገረ ከፍ የተደረገ ይመስላል። ወደ 42 ተመልሷል። ቀበቶውን የሚይዘው ሮለር ካልተቀየረ አሁን ደግሞ መቁረጡ ስለማይቀር ሮለሩ በዚህ ሳምንት ይቀየር። መስመሩ የቆመው 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ።" ሥራው አንድ ነው፤ ሁለተኛውን የጻፈው ሰው ግን ሞተር በየጊዜው ከማስጠቅለል ድርጅቱን አድኗል፣ ማዳኑም ተመዝግቧል። የተቃጠለ ሞተር መቀየር የቴክኒሽያን ሥራ ነው። ለምን ሦስት ጊዜ ተቃጠለ ብሎ 55ቷን ቁጥር ማግኘት የባለሙያ ሥራ ነው፤ ያውም እስካሁን እርስዎ ሠርተውት ማንም ያልጻፈልዎ።

እንዲህ ያሉ አሥር አሥራ ሁለት ሥራዎችን በአንድ ደብተር ያከማቹ፦ ቀን፣ ማሽን፣ ምክንያት፣ የተወሰደው እርምጃ፣ የዳነው ሰዓት ወይም ብር። ቃለ መጠይቅ ላይ "ስለ ራስዎ ይንገሩን" ሲባል ከትውልድ ቦታዎ ሳይሆን ከደብተሩ ይጀምራሉ። ፈተናው በእንግሊዝኛ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ግማሾቹን በእንግሊዝኛ ቢጽፏቸው ሁለት ወፍ ነው። ኤክሴል ደግሞ ካሁኑ ይልመዱ፤ ባለሙያ መደብ ላይ ካቻቪቴው እሱ ነው።

አጫጭር ኮርሶችና ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬቶች ይረዳሉ?

ዲግሪን አይተኩም፤ እኩል ነጥብ ካለው ተወዳዳሪ ግን ይለያሉ። ለኔትወርክ ሰው ሲሲኤንኤ የተባለው የሲስኮ ሰርተፊኬት ጥሩ ነው፤ የሚያገለግለው ግን 3 ዓመት ስለሆነ ውድድር ሳይታሰብ ቀድሞ መፈተን ብርን ማቃጠል ነው። በፕሮጀክት አመራር የሚሰጠው ፒኤምፒ ዲግሪ ለያዘ 36 ወር፣ ላልያዘ 60 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ለጀማሪ አይሆንም። ድርጅቱ ራሱ የሚሰጠው ሥልጠና ሲመጣ አይለፍዎት፤ ነፃ ነው፣ በማኅደርም ይያያዛል።

አለቃዬ "አንተ ከሄድክ ማን ይሠራል?" እያለ አይለቀኝም። ምን ላድርግ?

ይህ ምስጋና የሚመስል እስር ነው። አንድን ማሽን እርስዎ ብቻ የሚያውቁት ከሆነ አለቃው የሚፈራው ነገር እውነት አለው። መፍትሔው ኩርፊያ አይደለም፤ ሰው ማስተማር ነው። ከወጣቶቹ አንዱን መርጠው የሚያውቁትን ይስጡት፤ አለቃው ሌላ ሰው መኖሩን በዓይኑ ሲያይ ምክንያቱ ያልቃል። "ሙያዬን ከሰጠሁ ተፈላጊነቴ ይቀንሳል" የሚሉ አሉ፤ በቴክኒሽያንነት ለመቅረት ለሚፈልግ ልክ ናቸው።

በሕግ በኩል ደግሞ፣ ውድድር አልፈው ዝውውሩ ከተጓተተ በሥራ ደንቡ ወይም በኅብረት ስምምነቱ የተቀመጠ የመልቀቂያ ጊዜ መኖሩን የሠራተኛ ማኅበርዎን ይጠይቁ። ጥያቄዎን በደብዳቤ ያድርጉት፤ በቃል የተጠየቀ አልተጠየቀም።

በተጠባባቂነት ዓመት አለፈኝ። መደቡ የእኔ ይሆናል?

በራሱ አይሆንም። ተጠባባቂነት ወይም ውክልና ማለት መንበሩን ማሞቅ ነው፤ መደቡ ሲወጣ እንደ ማንኛውም ሰው ይወዳደራሉ፣ ተፈላጊውን ትምህርት ካላሟሉም ለውድድሩ ላይቀርቡ ይችላሉ። ሆኖም ከተሠራበት ትልቅ ልምድ ነው። ሦስት ነገሮችን በጊዜው ይጨርሱ፦ የውክልናውን ደብዳቤ ከነመነሻ ቀኑ ማኅደር ውስጥ ማስገባት፣ የውክልና አበል በመመሪያው ካለ መጠየቅ፣ በዚያ ወቅት በስምዎ የፈረሙባቸውን ሪፖርቶች ቅጂ መያዝ። ደብዳቤ ሳይጻፍ "እስቲ ለጊዜው ያዘው" ተብሎ የሚሰጥ ውክልና በኋላ እንደ ልምድ አይቆጠርም፤ ጥፋት ሲገኝ ግን ወዲያው ይታወሳል።

ባለሙያ ስሆን ገቢዬ ይቀንሳል የሚባለው እውነት ነው?

ሊሆን ይችላል፤ የደመወዝ ደረሰኝዎን ይዘው ተቀምጠው ያስሉት። በአዋጁ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ቀን 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ደመወዝዎ 12,480 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት ሲሰላ ወሩ 208 ሰዓት ስለሆነ የሰዓቱ 60 ብር ይመጣል። በወር 24 ሰዓት የቀን፣ 8 ሰዓት የሌሊት፣ 8 ሰዓት የዕረፍት ቀን ትርፍ ሰዓት ቢሠሩ 2,160፣ 840 እና 960፣ በድምሩ 3,960 ብር ነው። ግብር ሳይነሣ 16,440 ያገኙ ነበር ማለት ነው። አዲሱ መደብ 15,500 ቢከፍል ደብዳቤው ላይ የ3,020 ብር እድገት ነው፣ ጠቅላላ ገቢዎ ላይ ግን የ940 ብር ቅናሽ።

ባለሙያ ስለሆኑ ሕጉ ትርፍ ሰዓት አልከለከለዎትም፤ ቢሮ ውስጥ ሥራው ራሱ ስለማይመጣ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ቆንጠጥ ብዬ ነው ያለፍኩት። ባለቤቴ "እድገት እንዲህ ነው እንዴ?" ያለችኝ ወር ነበር። በሁለተኛው ዓመት ደረጃው ሲስተካከል አለፈ፤ ግን ዕቁብ ገብተው ወይም ብድር ይዘው ከሆነ ይህን ዓመት ቀድመው ያስቡበት።

"የሥራ መሪ" ሲያደርጉኝ ከማኅበር እወጣለሁ ይባላል። ትክክል ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይገባል። አዋጅ 1156 የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። የማኅበር አባልነቱ፣ የሥራ ሰዓት፣ የትርፍ ሰዓት፣ የስንብት ጥበቃው ሁሉ በዚያ አዋጅ አይገዛም፤ ግንኙነቱ የሚታየው በዋናነት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና በውልዎ ነው። ስለዚህ ለሥራ መሪ ውል ማለት ሁሉ ነገር ነው፤ ከመፈረም በፊት የሚያውቅ ሰው ያሳዩት።

ይሁንና መጠሪያው ብቻውን ሰውን የሥራ መሪ አያደርግም። አዋጁ የሚያየው ሥልጣኑን ነው፦ የድርጅቱን የአመራር ፖሊሲ ያወጣሉ፣ ያስፈጽማሉ ወይ? ሠራተኛ መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማገድ፣ ማሰናበት ወይም መመደብ ይችላሉ ወይ? በር ላይ "ቡድን መሪ" ተለጥፎለት የአንድ ቀን ፈቃድ እንኳ መፈረም የማይችል ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው ትርፍ ሰዓት ሲከለከል ዝም ማለት የለበትም።

ከውስጥ ከመጠበቅ ሌላ ድርጅት ብሄድ አይሻልም?

ዲግሪ ይዘው ሁለት ሦስት ውድድር ካመለጠዎት፣ ወይም መዋቅሩ ላይ መደቡ ጨርሶ ከሌለ፣ መውጣት ይሻላል። የቀድሞ ቤትዎ እርስዎን ሁልጊዜ በቱታ ነው የሚያስብዎ፤ አዲሱ ቤት የሚያየው ሲቪዎን ነው። ነገር ግን አዲሱ አሠሪ እስከ 60 የሥራ ቀን በሙከራ ሊያቆይዎት ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ብቁ አይደሉም ከተባሉ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ይሰናበታሉ። በእጅዎ የተፈረመ ውል ሳይኖር የ30 ቀን መልቀቂያዎን አያስገቡ። ስልክ ላይ "አልፈሃል፣ ና ጀምር" ተብሎ የለቀቀ ሰው ሁለቱንም አጥቶ አይቻለሁ።

ትናንት አብሬያቸው የሠራኋቸው ሰዎች ዛሬ ሥራ ሳዛቸው ያኮርፋሉ። እንዴት ልያዛቸው?

በመጀመሪያዎቹ ወራት የምንሳሳተው ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ክራቫት አስሮ ከወርክሾፑ ይሸሻል፤ ሰላምታውም ይቀንሳል። ሌላው እንደኔ ከወርክሾፑ አልወጣ ይላል። እኔ ዕቅድ ክፍል ገብቼም ካቻቪቴዬ ከኪሴ አልተለየም ነበር። መስመር በቆመ ቁጥር ሮጬ ሄጄ ከልጆቹ እጅ ቴስተር እየነጠቅሁ እለካለሁ፤ እየረዳኋቸው ይመስለኛል፣ እነሱ ግን ያላመንኳቸው ይመስላቸዋል። ከበታቾች ጋር ጠብ የሚመጣው ከትዕዛዙ ይልቅ እንዲህ ካለው ነገር ነው።

አንድ ቀን ፓኔል ውስጥ ጭንቅላቴን አስገብቼ ሳለሁ ያስተማሩኝ አሮጌው ፎርማን ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። "ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ፣ ላገኘው ነው" አልኳቸው።

"አንተ ልጅ፣ እሱን ለእኛ ተወው። ይልቅ የኮንታክተሩን ግዢ ጠየቅህልን?"

አልጠየቅሁም ነበር።